በግቢዎ ውስጥ ያለውን የዩቲሊቲ ኢዝመንት ከተማው እንዲለቅ እንዴት ይጠይቃሉ? ከሰነድ ፍለጋ እስከ ምዝገባ

ኢዝመንት በሌላ ሰው መሬት ላይ ያለ የመጠቀም መብት ነው፤ ዩቲሊቲ የሚባለው ደግሞ የውሃ፣ የፍሳሽ፣ የመብራት፣ የጋዝ፣ የስልክና የመሳሰለው አገልግሎት ነው። መሬቱ የእርስዎ ነው፤ ግብሩንም የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። ከተማው ግን በዚያች ቁራጭ ላይ ቧንቧ የመቅበር፣ ለጥገና የመግባት፣ ሲያስፈልግም የመቆፈር መብት ይዟል። በአሜሪካ ከተሞች አንድ ሰፈር ለመኖሪያ ሲሸነሸን በጓሮ ወይም በጎን ወሰን በኩል 5 ወይም 10 ጫማ ስፋት ያለው ቁራጭ ለዚህ ተብሎ በካርታው ላይ መመደቡ የተለመደ ነው። ባለቤቱ የሚያስታውሰው ክፍል ሊጨምር፣ ጋራዥ ሊሠራ ወይም የመዋኛ ገንዳ ሊያስቆፍር ሲነሣ ነው። ሌላው የሚያጋጥመው ሰው ሁለት ጎረቤት ቦታዎችን ገዝቶ የቀላቀለ ነው፤ የድሮው ወሰን ቢጠፋም በግራና በቀኙ የነበረው ኢዝመንት አዲሱን ቦታ መሐል ለመሐል ሰንጥቆት ይቀራል።

መሥሪያ ቤቶቹ ብዙ፣ ወረቀቶቹም ብዙ ናቸው፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው። ከተማው ይህን መብት ዛሬ አይጠቀምበትም፣ ወደፊትም አያስፈልገውም ወይ? የሚያዘጋጁት ሰነድ ሁሉ ይህን ለማስረዳት ነው። «ሃምሳ ዓመት ሙሉ ማንም አልነካውም» ማለት ብቻውን መብቱን አያስቀርም። በጽሑፍ የተሰጠ ኢዝመንት ሳይሠራበት ስለቆየ ብቻ በአብዛኞቹ ስቴቶች ሕግ አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜ የሚያበቃው የያዘው አካል በጽሑፍ ሲለቅ ነው።

የአሠራሩ ስም ከከተማ ከተማ ይለያያል። አንዱ ቫኬሽን፣ ሌላው አባንደንመንት፣ ሌላው ሪሊስ ይለዋል። በከተማው ድረ ገጽ ላይ ቅጹን ሲፈልጉ ሦስቱንም ይሞክሩ። የመንገድ ቫኬሽን ከሚባለው ጋር ግን እንዳያምታቱት፤ ያኛው የሕዝብ መንገድ ሲዘጋ የሚሠራበት፣ ማስታወቂያውም ክፍያውም የሚከብድ ሌላ ሂደት ነው።

1. መብቱ የማን እንደሆነ ከሰነዱ ያንብቡ

ቤቱን ሲገዙ ታይትል ካምፓኒው (የባለቤትነት ሰነዶችን መርምሮ ዋስትና የሚሰጠው ድርጅት) የሰጠዎትን ሪፖርት ያውጡና ሼጁል ቢ የሚለውን ክፍል ይክፈቱ። ዋስትናው የማይሸፍናቸው ጉዳዮች የሚዘረዘሩት እዚያ ነው፤ ኢዝመንቶችም ከነመዝገብ ቁጥራቸው ይገኙበታል። ሪፖርቱ ያረጀ ከሆነ አዲስ ያዝዙ፤ ከግዢው በኋላ የተመዘገበ ሰነድ ሊኖር ይችላል። ከዚያ ቁጥሮቹን ይዘው ከካውንቲው የምዝገባ ቢሮ የእያንዳንዱን ሰነድ ሙሉ ቅጂ ያውጡ። በሪፖርቱ ላይ ያለችው አንድ መስመር ማጠቃለያ አትበቃም፤ መብቱን የሚወስነው የሰነዱ ቃል ነው።

ኢዝመንቱ የተፈጠረው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት በአንዱ መንገድ ነው። ወይ በሽንሻኖ ካርታው (ፕላት) ላይ ተሰጥቷል፣ ወይ ለብቻው በተጻፈና በተመዘገበ ሰነድ። በካርታው ከሆነ ሥዕሉን ብቻ አይመልከቱ። በካርታው ጠርዝ ወይም በመጀመሪያው ገጽ ላይ በደቃቅ ጽሕፈት የተጻፈውን የስጦታ ቃልና ማስታወሻዎቹን ያንብቡ። «በየጎኑ ወሰን 5 ጫማ፣ በየኋላው ወሰን 10 ጫማ ለዩቲሊቲ ተይዟል» የሚል ማስታወሻ ካለ፣ በሥዕሉ ላይ ምንም መስመር ባይሰመርም ኢዝመንቱ አለ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚያልፈው ይህችን ነው።

ሰነዱን ሲያነብቡ እነዚህን ይፈልጉ፦

- ተቀባዩ ማን ነው? «ለከተማው» ይላል ወይስ «ለሕዝብ ዩቲሊቲዎች ሁሉ»? ሁለተኛው ከሆነ የመብራት፣ የጋዝ፣ የስልክና የኬብል ድርጅቶች ሁሉ ባለመብት ናቸው፤ የከተማው ፈቃድ ብቻውን አይበቃም።
- ለምን ዓላማ? ለፍሳሽ ብቻ፣ ለውሃ ብቻ፣ ወይስ «ለድሬይኔጅና ለዩቲሊቲ» ተብሎ በአንድ ላይ? (ድሬይኔጅ የዝናብ ውሃ መውረጃ ነው።)
- ቦታው ተለክቷል? አንዳንድ የቆዩ የስልክና የመብራት ሰነዶች ልክ ሳያስቀምጡ በመላው ይዞታ ላይ መብት ይሰጣሉ። እንዲህ ያለውን ከማስለቀቅ ይልቅ በአንድ በታወቀ ቁራጭ ላይ እንዲወሰን መጠየቅ ይቀላል።
- የማብቂያ ሁኔታ አለው? አልፎ አልፎ «መስመሩ ሲነሣ መብቱ ያበቃል» የሚል ቃል ይገኛል። ካለ ሥራው በግማሽ ይቀልልዎታል።

በድሮ ሰነድ ላይ የተጠቀሰው ድርጅት ዛሬ በዚያ ስም ላይኖር ይችላል። መብቱ ግን ወደ ገዛው ወይም ወደ ተዋሐደው ድርጅት ይተላለፋል። ደብዳቤ የሚጠይቁት ከዛሬው ባለመብት ነው፤ ደብዳቤውም የድሮውን ስም ጠቅሶ «የእሱ ተተኪ» ማለት አለበት።

ድሬይኔጅ የሚለው ቃል ካለበት ይጠንቀቁ። የዩቲሊቲ መብት የሚለቀቀው ቧንቧ ወይም ሽቦ አለመኖሩ ሲረጋገጥ ነው። የድሬይኔጅ መብት ግን ምንም ነገር ሳይቀበርበት ሥራ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ዝናብ ሲዘንብ የጎረቤቱ ውሃ በሣሩ ላይ የሚወርደው በዚያ ነው። ይህን ለማስለቀቅ ውሃው በየት እንደሚሄድ የሚያሳይ የሲቪል መሐንዲስ ጥናት ያስፈልጋል። ሁለቱ በአንድ ከተጻፉ ለጊዜው የዩቲሊቲውን ብቻ ይጠይቁ።

2. ከመሬቱ በታችና በላይ ያለውን ይወቁ

ከከተማው የምሕንድስና ክፍል የቧንቧ ካርታና ሥራው ሲያልቅ የተሣለውን ንድፍ ይጠይቁ። ከዚያ የተቀበሩ መስመሮች ያሉበትን ቦታ ለማስመልከት ወደሚደወልበት ቁጥር፣ ወደ 811፣ ይደውሉ፤ አገልግሎቱ ነጻ ነው። አንዳንድ ስቴቶች ለቁፋሮ የሚሰጠውንና ለንድፍ ወይም ለቅየሳ የሚሰጠውን ጥያቄ ስለሚለዩ፣ ሲደውሉ ለቅየሳ መሆኑን ይናገሩ። ምልክት አድራጊዎቹ በቀለምና በባንዲራ መሬቱ ላይ ያሰምራሉ። ቀይ መብራት ነው፣ ቢጫ ጋዝ፣ ብርቱካናማ ስልክና ኬብል፣ ሰማያዊ የመጠጥ ውሃ፣ አረንጓዴ ፍሳሽና የጎርፍ መውረጃ፣ ሐምራዊ ታክሞ ለመስኖ የሚውል ውሃ። ሮዝ ጊዜያዊ የቅየሳ ምልክት፣ ነጭ ሊቆፈር የታሰበ ቦታ ነው። ምልክቱ ሳይለቅ ከወሰኑ ያለውን ርቀት በሜትር ገመድ እየለኩ ፎቶ ያንሡ።

የዚህ ምልክት አቅም ውሱን ነው። ጥልቀት አይነግርዎትም። በብዙ ስቴቶች ከመስመሩ ግራና ቀኝ ከ18 እስከ 24 ኢንች ያለው ቦታ ሁሉ ቧንቧው ሊኖርበት እንደሚችል ተደርጎ ይያዛል። ደግሞም የሚሰመረው የድርጅቶቹ መስመር ብቻ ነው፤ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የግል መስመር አይሰመርም። በዚህ የተነሣ ትልቁ አደጋ የጎረቤት የፍሳሽ ቧንቧ ነው። በቆዩ ሰፈሮች የአንዱ ቤት ቧንቧ ወደ ዋናው መስመር የሚደርሰው በሌላው ጓሮ አቋርጦ ሊሆን ይችላል፤ ከተማው መብቱን ቢለቅም ጎረቤቱ ይህን መንገድ የመጠቀም የራሱ መብት ሊኖረው ይችላል። ጥርጣሬ ካለ የቧንቧ ሠራተኛ ካሜራ አስገብቶ እንዲያይ ያድርጉ።

ከላይም ይመልከቱ። ምሰሶ፣ የምሰሶ መወጠሪያ ሽቦ፣ በአየር የሚያልፍ መስመር፣ አረንጓዴ የብረት ሣጥን፣ የማንሆል ክዳን፣ ከሣሩ ብቅ ያለ የፍሳሽ መጥረጊያ አፍ፤ እነዚህ ሁሉ «መብቱ ሥራ ላይ ነው» ማለት ናቸው። በግቢዎ ምሰሶ ባይኖርም በላዩ የሚያልፈው ሽቦ ያው መብት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

አንዳንዴ ቧንቧው አለ፣ ኢዝመንቱም አለ፣ ግን አንድ ቦታ አይደሉም። ከብዙ ዓመት በፊት የቆፈረው ሰው 6 ጫማ ስቶ ቀብሮት ሊሆን ይችላል። ይህ ከታየ ከተማው ባዶውን ቁራጭ ለመልቀቅ በልዋጩ ቧንቧው በእርግጥ ባለበት ቦታ አዲስ መብት ይጠይቃል። ስለዚህ ማመልከቻ ከማስገባትዎ በፊት አዲሱ ቦታ ቤትዎን ይነካ እንደሆነ ይወቁ። የተጣራ ነገር ከፈለጉ መሬቱን በአየር ወይም በውሃ ግፊት አላልቶ አፈሩን በሚመጥጥ ማሽን ትንሽ ጉድጓድ አስከፍቶ ቧንቧውን በዓይን ማየት ይቻላል።

ከአገልግሎት የወጣ ቧንቧ ከተገኘስ? ከተማው ቧንቧው እንዲነሣ ሊፈልግ፣ ወይም አፉ ተደፍኖ ውስጡ በቀጭን የሲሚንቶ ድብልቅ እንዲሞላ ሊያዝዝ ይችላል። በቆዩ ሰፈሮች አስቤስቶስ ያለበት የሲሚንቶ ቧንቧ ሊወጣ ስለሚችል ሳያስመረምሩ እንዳይሰብሩት።

3. ምን ያህሉን እንደሚጠይቁ ይወስኑ

ሰው ሁሉ ሙሉውን ለማስለቀቅ ይነሣል። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ግን ከፊሉ ነው፣ የሚሳካውም ያው ነው። አዲሱ ክፍል ከ10 ጫማው ውስጥ 3 ጫማ ብቻ የሚገባ ከሆነ ሦስቱን ይጠይቁ። ባዶ ለሆነ ቁራጭ ሙሉ መልቀቅ፣ ጠርዙ ብቻ ለሚፈለግ ከፊል መልቀቅ፣ ቧንቧ ላለበት ደግሞ ቧንቧውን በራስ ወጪ ወደ ሌላ ቦታ አዛውሮ አዲስ መብት መስጠት ወይም የአጠቃቀም ስምምነት መፈራረም ነው ያለው አማራጭ።

ከተማው ቧንቧ ባለበት ቦታ ስፋቱን መቀነስ የሚከብደው ለምን እንደሆነ ቁጥሩ ያሳያል። 8 ኢንች የፍሳሽ ቧንቧ በ10 ጫማ ጥልቀት ተቀብሯል እንበል። በፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት ደንብ፣ ወጥ አለት ውስጥ ካልሆነ በቀር፣ ጥልቀቱ 5 ጫማ የደረሰ ቦይ ሠራተኛ እንዳይቀብር መከላከያ ያስፈልገዋል። አፈሩ ልል ከሆነ ግድግዳው የሚጋደመው ለእያንዳንዱ 1 ጫማ ጥልቀት 1 ጫማ ተኩል ወደ ጎን ነው። ለ10 ጫማ ጥልቀት በእያንዳንዱ ጎን 15 ጫማ ይሆናል፤ ሁለቱ ጎኖች 30 ጫማ፣ የቦዩ ወለል ሲጨመር ከዚያም በላይ። የብረት ከለላ ሣጥን ካስገቡ ይጠባል፤ ያም ሆኖ ኤክስካቫተሩ የሚቆምበትና አፈሩ የሚከመርበት ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ «ቧንቧው አንድ ክንድ አይሞላም፣ 20 ጫማ ለምን ያዛችሁ?» የሚለው ክርክር መሐንዲሱን አያሳምነውም። ጥልቀቱን አውቀው፣ የቦዩን ስፋት አስልተው «ይህን ያህል ቢቀርላችሁ አሁንም መቆፈር ትችላላችሁ» ብለው ቢቀርቡ ግን ይሰማዎታል።

4. ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ከተማውን ያነጋግሩ

ጉዳዩን የሚይዘው ክፍል በአንዱ ከተማ ምሕንድስና፣ በሌላው ፕላኒንግ፣ በሌላው የመሬት መብት ክፍል ነው። የካርታውን ቅጂ ይውሰዱ፣ የሚፈልጉትን ቁራጭ በቀለም ያስምሩበት፣ የ811 ፎቶዎችን አያይዘው ይላኩና ቀጠሮ ይያዙ። በዚህ ደረጃ ቀያሽ መቅጠር አያስፈልግም፤ የእጅ ንድፍ ይበቃል። እነዚህን ይጠይቁ፦

- ውሳኔው የሚሰጠው በቢሮ ኃላፊ ነው ወይስ በከተማው ምክር ቤት?
- የማመልከቻው ክፍያ ስንት ነው? ካልተፈቀደ ይመለሳል?
- ለሚለቀቀው መብት ዋጋ ይከፈላል? የብዙ ስቴቶች ሕገ መንግሥት የሕዝብን ንብረት ለግለሰብ በነጻ መስጠትን ስለሚከለክል አንዳንድ ከተሞች የመብቱን ዋጋ አስገምተው ያስከፍላሉ።
- ኢዝመንቱ በካርታ የተሰጠ ከሆነ ካርታው ራሱ መሻሻል አለበት ወይስ የመልቀቂያ ሰነድ ብቻ ይበቃል?
- የየትኞቹን ድርጅቶች ደብዳቤ ትፈልጋላችሁ? የራሳችሁ ቅጽ አላችሁ?
- በቦታው ላይ ለወደፊት የታቀደ ሥራ አለ?

የመጨረሻው ጥያቄ ዋና ነው። ዛሬ ባዶ የሆነው ቁራጭ ከዓመታት በኋላ ሊሠራ በታቀደ የጎርፍ መስመር ላይ ካለ ማመልከቻው ይወድቃል፤ ይህን መጀመሪያ ማወቅ የቀያሹንም የማመልከቻውንም ገንዘብ ያድናል።

የስቴቱም ሕግ መንገዱን ሊያሳጥረው ይችላል። በካሊፎርኒያ ለምሳሌ የመንገዶችና የአውራ ጎዳናዎች ሕግ ክፍል 8333፣ የሕዝብ አገልግሎት ኢዝመንት ለተሰጠበት ዓላማ ባለፉት 5 ተከታታይ ዓመታት ካልዋለ ምክር ቤቱ በአጭሩ ሥርዓት እንዲለቅ ይፈቅዳል። መስመሩ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ በቁራጩ ላይ ሌላ የሕዝብ መስመር ከሌለም እንደዚሁ ነው።

5. ቀያሹና የመሬት መግለጫው

ከተማው «መቀጠል ይቻላል» ካለ በስቴቱ ፈቃድ ያለው ቀያሽ ይቅጠሩ። የሚያስፈልጉት ሁለት ወረቀቶች ናቸው፦ የሚለቀቀውን ቁራጭ በቃል የሚገልጽ ሕጋዊ የመሬት መግለጫና ያንኑ የሚያሳይ ንድፍ። ሁለቱም በቀያሹ ማኅተምና ፊርማ ይወጣሉ፤ አባሪ ኤ እና አባሪ ቢ ይባላሉ።

ንድፉ የቦታውን ቁጥር፣ የካርታውን መዝገብ ቁጥር፣ የሰሜን ቀስት፣ ስኬል፣ የእያንዳንዱን ጎን አቅጣጫና ርቀት፣ የቁራጩን ስፋት በካሬ ጫማ፣ የሚቀሩትንም ኢዝመንቶች ማሳየት አለበት። የሚለቀቀውን በተጠላለፈ መስመር ማጥቆር የተለመደ ነው።

ወረቀቱ ሲደርስዎ እንዳለ አያስገቡት፣ ራስዎ ይፈትሹት። ዘወትር የሚገኙት ስሕተቶች እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ መግለጫው ከመነሻ ነጥቡ ተነሥቶ ጎኖቹን ሲዞር መነሻው ላይ አይዘጋም፤ አንድ ቁጥር ተዛብቷል፣ ወይም ምሥራቅ በምዕራብ ተተክቷል። ሁለተኛ፣ በቃል የተጻፈው ርቀት ከንድፉ ጋር አይገጥምም። ሦስተኛውና አስቸጋሪው የጎን ኢዝመንቱ ጉዳይ ነው። ቦታዎ 60 ጫማ ወርድ አለው፣ የኋላው ኢዝመንት 10 ጫማ ነው፣ በግራና በቀኝ ደግሞ 5 ጫማ የጎን ኢዝመንት አለ እንበል። «የኋላው 10 ጫማ ይለቀቅ» ብለው ከጻፉ 600 ካሬ ጫማ ለቀቁ፤ የጎን ኢዝመንቶቹ የሚያልፉባቸውን ማዕዘኖችም አብረው ቆረጡ ማለት ነው። በጎን የሚሄደው የመብራት መስመር ከኋላ ጎረቤት ጋር የሚገናኘው በዚያ ማዕዘን ከሆነ ድርጅቱ ይቃወማል። «በሁለቱም ጎን 5 ጫማ ሳይጨምር» ቢባል የሚለቀቀው 50 በ10፣ ማለትም 500 ካሬ ጫማ ይሆናል፤ ተቃውሞውም ይቀራል።

በከፊል ሲለቀቅ መግለጫው የሚለቀቀውን እንጂ የሚቀረውን እንዳይገልጽ ያረጋግጡ። ተገላብጦ ከተመዘገበ ቧንቧው ያለበት ይለቀቃል፣ ባዶው ይቀራል፤ ለማስተካከልም ሌላ ውሳኔና ሌላ ምዝገባ ይጠይቃል።

6. የድርጅቶቹ ደብዳቤ

ከሂደቱ ሁሉ ጊዜ የሚበላው ይህ ነው፤ የቀያሹ ወረቀት በወጣበት ቀን ይጀምሩት። መብራት፣ ጋዝ፣ ስልክ፣ ኬብል፣ የፋይበር ኢንተርኔት፣ ውሃ፣ ፍሳሽ፣ በአንዳንድ ቦታ የመስኖ ወረዳም ይጨመራል። አካባቢውን ማን እንደሚያገለግል ካላወቁ የ811 ጥያቄዎ ማረጋገጫ የተጠሩትን ድርጅቶች ይዘረዝራል፤ እሱን እንደ መነሻ ይጠቀሙ።

ወደ ደንበኞች አገልግሎት ስልክ አይደውሉ። እዚያ ያለው ሰው ሒሳብዎን እንጂ የመሬት መብትን አያውቅም። የሚፈልጉት የመሬት መብት ጉዳይ የሚይዘውን ራይት ኦፍ ዌይ የሚባለውን ክፍል ነው። በአንድ መልእክት አድራሻውን፣ የቦታና የብሎክ ቁጥሩን፣ የካርታውን መዝገብ ቁጥር፣ አባሪ ኤ እና ቢን፣ ፎቶዎቹን፣ ምን ሊሠሩ እንዳሰቡም አንድ ላይ ይላኩ። ዓላማዎን መደበቅ አይጠቅምም፤ ያልተነገረው መሐንዲስ የከፋውን ይገምታል።

ተቀባይነት ያለው ደብዳቤ ሁለት ነገር ይናገራል፦ «በተጠቀሰው ቁራጭ ላይ መስመር የለንም» እና «መብቱ ቢለቀቅ አንቃወምም»። የመጀመሪያው ብቻ ከተጻፈ ከተማው ይመልሰዋል፤ ዛሬ መስመር የሌለው ድርጅት ነገ ሊዘረጋ ያስብ ይሆናል። ደብዳቤው በድርጅቱ ወረቀት ላይ፣ በስም፣ በኃላፊነትና በቀን መፈረም፣ አባሪዎቹንም መጥቀስ አለበት።

«አንቃወምም፣ ነገር ግን» የሚሉ ደብዳቤዎች ይመጣሉ። የመብራት ድርጅቱ ለራሱ 5 ጫማ እንዲቀርለት ሊጠይቅ ይችላል። ይህ እምቢታ አይደለም። ለሱ ብቻ የተለየ መብት ፈርመው ይሰጣሉ፣ የቀረው ይለቀቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ እዚህ አለ። የከተማው ምክር ቤት ሊለቅ የሚችለው በከተማውና በሕዝብ ስም የተያዘውን ነው። የጋዝ ድርጅቱ በራሱ ስም የተመዘገበ ሰነድ ካለው የከተማው ውሳኔ ያንን አይነካውም፤ «አንቃወምም» የሚለው ደብዳቤም መልቀቂያ አይሆንም። ድርጅቱ ራሱ በኖተሪ ፊት የተፈረመ መልቀቂያ ሰጥቶ በካውንቲው መመዝገብ አለበት። በሼጁል ቢ ላይ እያንዳንዱን ቁጥር ወስደው አጠገቡ «ማን ይለቀዋል?» ብለው ይጻፉ፤ ባዶ የቀረ መስመር ካለ ሥራው አላለቀም።

7. ማመልከቻው፣ ስብሰባውና ውሳኔው

የሚገባው ፋይል ብዙ ጊዜ ቅጹን፣ ክፍያውን፣ የባለቤትነት ማስረጃውን፣ የታይትል ሪፖርቱን፣ ኢዝመንቱን የፈጠረውን ሰነድ፣ አባሪዎቹንና ደብዳቤዎቹን ይይዛል። በማስረጃው ላይ ሁለት ባለቤቶች ካሉ ሁለቱም ይፈርማሉ። ቤቱ በትረስት ወይም በኩባንያ ስም ከሆነ የሚፈርመው ሰው ሥልጣን እንዳለው የሚያሳይ ወረቀት ይጨመራል።

ቀጥሎ የከተማው ክፍሎች ፋይሉን ተራ በተራ ያዩታል። አስተያየት ይዘው ሲመልሱት መልሱን በየቁጥሩ ጽፈው ይላኩ፤ አንዱን አስተያየት ዘለው ካለፉት ፋይሉ እንደገና ተራ ይይዛል። ጉዳዩ ወደ ምክር ቤት የሚሄድ ከሆነ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ለጎረቤቶችም ደብዳቤ ሊላክ ይችላል። ጎረቤቶችዎን ቀድመው ማነጋገር ጥሩ ነው። ማስታወቂያው ድንገት የደረሰው ጎረቤት ግቢው ሊቆፈር ወይም መንገድ ሊዘጋበት የመጣ ይመስለዋል፤ አምስት ደቂቃ ቢያስረዱት በስብሰባው ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ ያስቀራል።

በስብሰባው ላይ የሚናገሩት አጭር ይሁን፦ መስመር የለም፣ ድርጅቶቹ አልተቃወሙም፣ የምሕንድስና ክፍሉ ወደፊት እንደማያስፈልግ አረጋግጧል። ስለሚሠሩት ቤት ውበት ማውራት አያስፈልግም፤ ምክር ቤቱ የሚጠየቀው የሕዝብ ጥቅም መቅረት አለመቅረቱን ነው። ውሳኔው በኦርዲናንስ (በከተማው ደንብ) ከሆነ በብዙ ከተሞች ሁለት ጊዜ ይነበባል፤ ከጸደቀ በኋላም ሥራ ላይ እስኪውል የተወሰኑ ቀናት ይቆያል። ይህን በግንባታ ሰሌዳዎ ውስጥ ያስገቡት።

ቧንቧ ተዛውሮ አዲስ መብት የሚሰጥ ከሆነ ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ። አዲሱ ቧንቧ ይሠራል፣ ከተማው መርምሮ ይረከባል፣ አዲሱ ኢዝመንት ይመዘገባል፣ የድሮው የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው። የቤት ብድር ካለብዎ ባንኩም ይገባበታል፤ ብድሩ ከአዲሱ ኢዝመንት ቀድሞ ስለተመዘገበ፣ ቤቱ በዕዳ ቢሸጥ አዲሱ መብት ሊጠፋ ይችላል። ከተማው ይህን ስለሚያውቅ የባንኩን የጽሑፍ ስምምነት ይጠይቃል። የባንክ መልስ ስለሚዘገይ ደብዳቤውን ቀድመው ያስገቡ።

8. እምቢ ካሉ

ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። «ቧንቧ አለ» ከሆነ ወደ ከፊል ጥያቄ ወይም ወደ ማዛወር ይመለሱ። «ወደፊት እንፈልገዋለን» ከሆነ የትኛው ዕቅድ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ዕቅዱ በሌላው የቦታዎ ጎን ሊሟላ የሚችል ከሆነ ልዋጭ ኢዝመንት ያቅርቡ።

ለቀላል ግንባታ፣ ማለትም ለአጥር፣ ለጡብ ንጣፍ፣ ለተነቃይ የዕቃ ማስቀመጫ፣ መልቀቅ ላያስፈልግ ይችላል። ብዙ ከተሞች በኢዝመንቱ ላይ እንዲሠሩ የሚፈቅድ ስምምነት አላቸው። ስምምነቱ ይመዘገባል፣ ቤቱ ሲሸጥም ለገዢው ይተላለፋል። ከመፈረምዎ በፊት ከተማው ለመቆፈር ሲመጣ የሠሩትን ማን እንደሚያፈርስና ማን እንደሚመልስ ያንብቡ፤ መልሱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል «ባለቤቱ፣ በራሱ ወጪ» ነው። ለአጥር ይህ የሚታገሡት ነገር ነው። መሠረት ላለው ክፍል ግን በዚህ ስምምነት ላይ መተማመን አይገባም።

9. ምዝገባ፣ ከዚያ በኋላ መሠረት

የምክር ቤቱ ድምፅ መጨረሻው አይደለም። የተረጋገጠው የውሳኔ ቅጂ ከነአባሪዎቹ በካውንቲው መመዝገብ አለበት። በአንዳንድ ከተማ የከተማው ጸሐፊ ያስመዘግባል፣ በሌላው ለባለቤቱ ይተውለታል። ማን እንደሚያስመዘግብ ጠይቀው፣ የመዝገብ ቁጥርና ቀን የታተመበትን ቅጂ እስኪይዙ አይዘናጉ። ውሳኔው ወጥቶ ሳይመዘገብ ዓመታት የቆየ ጉዳይ የሚገለጠው ቤቱ ሊሸጥ ሲል ነው። በተመዘገበው ላይ አባሪ ቢ መኖሩንና መነበብ መቻሉን ይመልከቱ፤ ሲቃኝ የደበዘዘ ንድፍ ለማንም አያገለግልም።

ቅጂውን ለታይትል ካምፓኒው ይላኩና የተሻሻለ ሪፖርት ይጠይቁ። የተለቀቀው ቁጥር ከሼጁል ቢ መውጣቱን በዓይንዎ ይዩ።

ኢዝመንቱ ስለተለቀቀ ብቻ ቁራጩ ላይ መገንባት ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ከወሰን መራቅ ያለበት ርቀት በዞኒንግ ደንብ የተቀመጠ ሌላ ጉዳይ ነው። የኋላ ኢዝመንቱ 10 ጫማ ሆኖ ደንቡ ከኋላ ወሰን 20 ጫማ ራቁ የሚል ከሆነ፣ ማስለቀቁ ለቤቱ አንድ ጫማ እንኳ አይጨምርም። ይህን ከሁሉ በፊት በአንድ ስልክ ከፕላኒንግ ክፍሉ ማረጋገጥ ይቻላል። የሰፈር ማኅበር ካለም የራሱ ገደብ ይኖረዋል። የግንባታ ፈቃድ ሲያስገቡ የተመዘገበውን ቅጂ ከቦታው ንድፍ ጋር ያያይዙ፤ መርማሪው የሚያየው ካርታ ብዙ ጊዜ የድሮው ነውና ኢዝመንቱ አሁንም ተሥሎበት ያገኘዋል።